የቆመች መኪና መጥረጊያ

የኛ መንደር ወሬ ካላገኘ አያድርም። የሾፌሩ ሚስት ባላቸው ሲቀበሩ እንባ ጠብ ስላላላቸው፣ ይኸው እስከ ዛሬ «ልበ ደንዳና» እየተባሉ ይታማሉ።

የሟች መኪና ደጃቸው ላይ እንደቆመች ናት። ባትሪዋ ሞቷል፤ እሳቸውም መንዳት አይችሉም። ግን ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹን ከመስታወቱ ላይ ቀና ያደርጓቸዋል፤ ጎማቸው በሙቀት እንዳይጣበቅ። ማታ አቧራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው መልሰው ያስተኟቸዋል። ባላቸው እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።

ክረምት ሊገባ ሲል ደግሞ ወደ መኪና ዕቃ መሸጫዬ ይመጡና አዲስ መጥረጊያ ይገዛሉ። ዘንድሮ አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ ለማትነዳ መኪና ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? መጥረጊያ እኮ የሚያልቀው ሲሠራ ነው» አልኳቸው፤ ትንሽም ቆጣ ብዬ።

አምና የሸጥኩላቸውን ከፌስታል አውጥተው ፊቴ አስቀመጡት። አንድ ቀን እንኳ ዝናብ አልጠረገም። ጎማውን በጣቴ ጎበጥ ሳደርገው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጠቀ።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይነበብ፣ «ቆሞም ይደርቃል።»