ቀና ብላ የቀረበች ዕለት

ልጄ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት አንሶላ ስትተኩስ ኖራለች። ሰፈርተኛው «ተኳሿ» ይላታል፤ ጠመንጃ ግን በእጇ ነክታ አታውቅም። ከጠዋት እስከ ማታ እርጥቡን አንሶላ ከቅርጫት ታነሣለች፣ ትዘረጋለች፣ የእንፋሎቱን መተኮሻ ክዳን ተጭና ትመልሳለች፣ ታጥፋለች።

ሕመሙ የጀመራት ትከሻዋን ነው። ከዚያ ወደ ወገቧ፣ ወደ ጉልበቷ፣ ወደ ጣቶቿ ወረደ። ተኝታ ስትነሣ ሌሊቱን ስትወቀጥ ያደረች ትመስላለች። ደሟ ተመረመረ፣ ራጅ ተነሣች፤ ምንም የለባትም ተባለ። እኛ ደስ አለን። ለካ ውሸታም የሆነችው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። የክፍሏ አለቃ «ማሽን ያላየውን በሽታ አንቺ ከየት አገኘሽው?» አለቻት። ወንድሟ «አግቢ፣ ይለቅሻል» አላት። አክስቷ «ሐሳብ ነው፣ ጣል አድርጊው» አለቻት፣ ዕቃ ይመስል። እኔም ግንበኛ ነበርሁና «እኔስ ወገቤን ያመኝ የለ? መቼ ተኛሁ?» ብያለሁ። መጻፉ ይከብደኛል፤ ግን ብያለሁ።

በሦስተኛው ዓመት አንዲት ሐኪም ሰውነቷን እየነካካች አይታ ስሙን ነገረችን፤ ፋይብሮማያልጂያ። «የሚታይ ቁስል የለውም፤ ሕመሙ ግን እውነት ነው። አንድ ቀን ቀለል ይላታል፣ በማግስቱ ይጥላታል» አለች። ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ እንዲሰጣትም ወረቀት ጻፈችላት። ሆቴሉ የተቀደደ አንሶላ የሚጠገንበት ጠረጴዛ አለው፤ አንድ ወንበር ክፍት ነበር። ልጄ የፈለገችው ያን ወንበር ብቻ ነው። የሚፈቅደው ግን ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ነው፤ ቀርባ መታየት ነበረባት።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጣቶቿ ማበጠሪያ አልይዝ ብለዋት እናቷ አበጠረችላት። በሰፊው የቤት ቀሚሷና በነጠላ ጫማ ልትሄድ ተነሣች፤ ሌላው ልብስ ሲነካት ቆዳዋን ያቃጥላታል።

«እንዲህ ሆነሽ ሰው ፊት? ለማኝ ነሽ?» አልኋት።

«አባዬ፣ ዛሬን ተወኝ። እንዳለሁ ይዩኝ።»

«የእኔ ልጅ ተጎሳቁላ አትታይም። ደኅናውን ልበሺ። ቀና ብለሽ ግቢ፣ እንዳታቃስቺ።»

ለበሰች። ባለተረከዙን ጫማ ጎንበስ ብዬ ያጠለቅሁላት እኔው ነኝ።

በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ውጭ ተቀምጬ ሁሉን ሰማሁ። ሰብሳቢው «እንዴት ነሽ፣ እኅቴ?» አላት። «ደኅና፣ እግዜር ይመስገን» አለች፤ እንዲያ ነው ያሳደግኋት። «ደኅና ከሆንሽ ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አለና ሳቁ። ደረጃውን በእግሯ ወጥታ እንደሆነ ጠየቋት፤ አዎ አለች። ለምስክርነት የተጠራችው አለቃዋም ባለፈው ወር ሁለት ቀን ከሁሉ በልጣ መሥራቷን ተናገረች። የቀለላት ያን ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ልጄ ፈገግ እንዳለች ወጣች፤ በሩ ሲዘጋ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። «በአካል ቀርባ ታይታለች፤ ጤነኛ ናት» ይላል። ሰብሳቢው ዘንድ ሄድሁ።

«ያለበስኋት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ያያችኋት እሷን አይደለም» አልሁት።

«አባባ፣ እኛንስ መች ሳያመን ቀረ? ልጅዎ ከእኔ ትሻላለች። ይልቅ ደስ ይበልዎ።»

ወደ መተኮሻው ተመለሰች። አራት ወር ሠራች። አንድ ጠዋት ክዳኑን ማንሣት አቃታት፤ ሁለተኛም አልሄደችም። ወንበሩ ለሌላ ተሰጠ።

አሁን በጓዳ ተኝታ ትውላለች። ጠያቂ ሲመጣ «ፊትሽማ እንዴት ጠርቷል» ይላታል። እኔ ከሐኪሟ የሰማሁትን አንድ በአንድ አስረዳለሁ። እኔን ይሰሙኛል፣ ዓይናቸው ግን እሷ ላይ ነው፤ የሚያምኑት ዓይናቸውን ነው። ይቅር በይኝ ብላት «አንተ ምን አደረግህ?» ትለኛለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ጎረቤት መጥታ ማስረዳት ስጀምር ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ «አባዬ፣ ተወው። ስትናገር ይደክመኛል» አለች።

ተውሁት።