በየጠዋቱ የምትደክመው አምፖል

የሰፈሩን የፀሐይ መብራት የሚጠብቀውን ሰውዬ ሁሉም «ሰላዩ» ነው የሚለው። አይፈረድባቸውም፤ ሚስቱ «እንዴት አደርክ» ስትለው እንኳ «ለምን ጠየቅሽኝ?» የሚል ሰው ነው።

በባትሪው ክፍል ሁለት አምፖሎች ሰቅሏል። እኩል ከበሩ ሰላም ነው። አንዷ ከደከመች ግን ከአንዱ ቤት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እየሾለከ ነው ማለት ነው። ክፋቱ፣ መብራት አይጠፋ፣ ፊውዝ አይቃጠል! ሌላ ሽቦ ደግሞ ሌላ ቦታ መሬት የነካ ዕለት ግን ሰው ይገድላል።

ሰሞኑን ታዲያ አንዷ አምፖል በየጠዋቱ ትደክማለች፤ ረፋዱ ላይ ምንም እንዳልሆነች ቦግ ትላለች። «ጠዋት ጠዋት የሚሠራብኝ ሰው አለ!» ብሎ፣ በብየዳ ማሽኑ የጠረጠረው የሰፈሩ በያጅ ቤት ዘው አለ።

«ሰውዬ፣ መብራቱ በርቶ የለ እንዴ? ምን አድርግ ነው የምትለኝ?» ብሎ ሳቀበት በያጁ።

በነጋታው ማለዳ የየቤቱን መስመር በተራ እያጠፋ አምፖሎቹን አየ። የአማቱን፣ የሚስቱን እናት ቤት ሲያጠፋ አምፖሎቹ እኩል ሆኑ። «ብዬ ነበር!» አለ። እሳቸውን መጠርጠር ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው። መጀመሪያ «ፍሪጁ ነዘረኝ» አሉት፤ አዲስ ሊያስገዙኝ ነው ብሎ ዝም አላቸው። ቀጥሎ የልጅ ልጆቻቸውን ፍሪጁ ጋ አላስደርስ አሉ፤ ውሃ እንኳ ራሳቸው ናቸው የሚቀዱላቸው። ምን ደብቀው ይሆን ሲል ከረመ።

እየሮጠ ገባ። ወለሉ እንደየጠዋቱ ሁሉ ገና መወልወሉ ነው፤ የፍሪጁ የብረት እግሮች ረፋድ ላይ የሚደርቀው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ከኋላው፣ ሰው እንዳይነዝር የሚታሰረው የመሬት ሽቦ እንደተጠቀለለ ተንጠልጥሏል። ፍሪጁን የገጠመ ዕለት «ነገ አስረዋለሁ» ያለው ራሱ ነው፤ ዓመት አለፈው። እጀታው ላይ ወፍራም ጨርቅ ተጠምጥሟል።

«እማማ፣ ይሄ ጨርቅ ምንድነው?»

«ይነዝራል ብልህ አላመንከኝም። ታዲያ ምን ላድርግ? ልጆችህ እንዳይነኩት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

ልጆቹ ከቧንቧው እርጥብ እጃቸውን ይዘው ወደ ፍሪጁ ሲሮጡ ታየው። ተንበርክኮ፣ ተልጦ የፍሪጁን ብረት የነካውን ሽቦ ቀየረ፣ የመሬቱንም አሰረ። ብሎኑን ሦስቴ ጣለው፤ ሦስቴም አማቱ አንስተው አቀበሉት። ከዚያ ባትሪው ክፍል ሄዶ መስመሩን አብርቶ ተመለሰ።

«አሁን ይንኩት፣ እማማ።»

አማቱ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«መጀመሪያ አንተ ንካው» አሉት።