ከአዲስ አበባ የመጣው ፎርማ

የኔን የጥሪ ካርድ ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱት። አልተቀደደም፣ አልተላጠም። አርባ ምንጭ ውስጥ ካርድ የሚሠራ ሌላም ሰው አለ፤ እንዲህ አድርጎ የሚቆርጥ ግን ካለ ይምጣ። ጉራ ነው ካላችሁም ይሁን፣ ጉራ ነው።

መሣሪያዬ ቀላል ነው። ያረጀ የሰጌቶ፣ የብረት መጋዝ ምላጭ እሳት ውስጥ ገብቶ ሲለሰልስ በጨንቻ ቤት ቅርጽ፣ አናቱ ሾጠጥ ብሎ ይታጠፋል። አንደኛው ጠርዙ በሞረድ ይሳላል፣ ሌላኛው ጣውላ ላይ ይተከላል። ፎርማ እንለዋለን። ወፍራም ወረቀት የግንድ ጉማጅ ላይ አነጥፍና ፎርማውን ስለቱን ወደ ታች አድርጌ በመዶሻ አንዴ ብቻ እመታዋለሁ። ቤቷ ተቆርጣ ትወጣለች፤ በቀዳዳው በኩል ከጀርባ የሸማኔ ቁራጭ ጥለት እለጥፋለሁ።

መጀመሪያ ላይ የተቆረጠው ወረቀት ስለቱ መሀል እየተወተፈ በመርፌ ስጎረጉር እውል ነበር። ከአሮጌ ሲሊፐር ሶል ቆርጦ መሀሉ ላይ የለጠፈልኝ አባቴ ነው። ሶሉ ሲመታ ይጨመቃል፣ ሲለቀቅ ወረቀቱን ተፍ ያደርገዋል።

አባቴ ጨንቻ፣ ደጋ ላይ አንጥረኛ ነው። በአካባቢው እሱ ዘንድ ማረሻ ያላሠራ ገበሬ የለም። ግን እኔ ልጅ ሳለሁ ሰው ሁሉ ማረሻውን ተቀብሎ ከደጃፍ ይመለሳል እንጂ ቤታችን ገብቶ አይበላም፣ እኛንም ለድግስ አይጠራም ነበር። ስለዚህ ከተማ ስወርድ አፌን ዘጋሁ። ደንበኛ ፎርማውን አንስቶ ከየት እንደመጣ ሲጠይቀኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት እል ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ሳወራ አባቴ አፕል በፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሰምቷል። ስለቱ ዶልዱሞ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ።

አምና አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ሴት የሴት ልጇን ሰርግ ካርድ ልታዘኝ መጣች። እሷ ከወደደችው ሌላውም ይከተላል፤ ፊቷን ካዞረችም እንዲሁ። ናሙናዎቹን እያየች ሳለ አባቴ ሊጠግነው የወሰደውን ፎርማ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ የመንገዱ አቧራ ሳይራገፍለት ገባ። ሴትየዋ በአክብሮት ማን እንደሆነ ጠየቀችው። አባቴ አየኝ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«መልእክተኛ ነኝ» አላት። «ዕቃው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው።»

ውሸቴን ተሸክሞልኝ ነው እኮ!

«አይደለም» አልኩ። «አባቴ ነው። ፎርማውን የሠራውም እሱ ነው፣ በእጁ።»

ሴትየዋ ናሙናዎቹን አስቀመጠች። እሷም ያደገችው ደጋ ስለሆነ የአንጥረኛ ነገር አልጠፋትም። ትዕዛዙ ሄደ ብዬ አሰብኩ፤ ቃሌን ግን አልመለስኩም። እሷ ብድግ አለችና ወንበሯን ለአባቴ ለቀቀች። ከዚያ ሲመታው እንዲያሳያት ለመነችው።

አባቴ ሳይቀመጥ መዶሻውን አነሣ። አንዴ መታ። ቤቷ ተፍ ብላ ወጣች። ሴትየዋ አንስታ መዳፏ ላይ አገላበጠቻት።

«አባባ» አለችው፣ «የመጀመሪያው ካርድ የእርስዎ ነው። ሰርጉ ላይ እንዳይቀሩብኝ።»

ካርዱ ሲደርስ እኔው ደጋ ወጥቼ ሰጠሁት። በዕድሜው የመጀመሪያ የጥሪ ካርዱ ነው። ስሙን ሳያይ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ዙሪያውን፣ ቀስ ብሎ፣ ከዚያም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። በሰርጉ ቀን ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞት መጣና ከሙሽራዋ ዘመዶች ጋር አንድ ገበታ ላይ በላ።