ሳይመክሩ መቀመጥ

ጋሼ ማዳመጥን መማር የፈለጉት ለአንዲት ሰው ብለው ነበር፤ ለልጃቸው። እኛ አብረናቸው የምንማረው ግን ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። መጀመሪያ ላይ ለጡረታቸው ሥራ ሊያበጁ የመጡ መስሎን ነበር።

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ እየተሰበሰብን ነው የምክር አገልግሎት ሁለተኛ ዲግሪያችንን የምንማረው። አብዛኞቻችን መምህራን ነን፣ እኔም ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። በዕድሜ ሁላችንን የሚበልጡት ጋሼ ለረጅም ዘመን ርዕሰ መምህር የነበሩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ የሆኑ ሰው ናቸው። መምህራችን ሳይቀር «ጋሼ» ይላቸዋል። ከታቦር ሰፈር በእግራቸው መጥተው ከሁላችን ቀድመው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚነበበውንም ከማናችንም በላይ ያነባሉ። መከራቸው የሚጀምረው ልምምድ ላይ ነው።

የምንለማመደው ሦስት ሦስት እየሆንን ነው። አንዱ አማካሪ ይሆናል፣ አንዱ የፈጠራ ችግር ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ይሆናል፣ ሦስተኛው ታዛቢ ነው። ታዛቢ ትንፍሽ አይልም፤ ሲያልቅ ብቻ ያየውን ይናገራል። ጋሼ አማካሪ የሆኑ ዕለት ባለጉዳዩ ወንበሩን ሳያሞቅ ምክሩ ይወርድበታል። አንድ ቅዳሜ እኔ ባሏ የሚያመሽባት ሴት ሆኜ ቀረብኩ። ሰውየው የት እንደሚያመሽ እንኳ ሳልናገር ታገሺ ተባልኩ፣ ስለ ትዳር ክቡርነት ተነገረኝ፣ ተጸለየልኝና ተሸኘሁ። ሳቄ አፍኖ ሊገድለኝ ነበር። መምህራችን፣ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወጣት፣ ሰው ሲያለቅስ አብሮ ዝም ማለትም ሥራ መሆኑን በትሕትና ያስረዳቸዋል። እሳቸው ደግሞ ችግሩን ይዞ ሽማግሌ ደጅ የመጣ ሰው ዝም ከተባለ እንደተናቀ ቆጥሮት ይሄዳል ባይ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ የእሳቸው ወገን ነበርኩ። ዝምታ አይሆንልኝም። ተማሪ ጥያቄ ጠይቄው ትንሽ ከቆየ መልሱን ራሴ የምመልስ ሰው ነኝ። ያደግነውም እንዲሁ ነው፤ የተጣላ ሲኖር፣ የታመመ ሲኖር፣ ትምህርት አልሄድም ያለ ሲኖር ሽማግሌ ይላካል፣ ሽማግሌውም ይናገራል። ተናግሮ ያልተነሣ ሽማግሌ ምን ሊሠራ ሄደ ይባላል?

ነገሩ የተገለጠው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የምትሠራ አንዲት ጓደኛችን ባለጉዳይ በሆነችበት ዕለት ነው። ጋሼ አማካሪ ነበሩ፣ እኔ ታዛቢ። ጓደኛችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና ቀረበች፤ ትምህርቱን አቋርጣ መምጣቷን፣ ቤተሰቦቿ ግን ገና እንዳልሰሙ ተናገረች። ጋሼ እንደ ልማዳቸው «ልጄ፣ ትምህርት ማለት» ብለው ጀመሩና ቆሙ። ፊታቸው ሌላ ሆነ። ይቅርታ ጠይቀው ተነሥተው ወጡ። ጓደኛችን ያስቀየመቻቸው መስሏት ደነገጠች።

ተከትያቸው ስወጣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ምን እንደሆኑ አልጠየቅኳቸውም። የሚጠየቅ ነገር ጠፍቶኝ እንጂ ብልሃት ሆኖ አይደለም። እሳቸው ግን ነገሩኝ። የመጨረሻ ልጃቸው ከሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ትታ ተመልሳለች። ወደ ቤት ግን አልመጣችም፤ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና ተቀጥራ ከጓደኛዋ ጋር ትኖራለች። እሳቸው የሰሙት ከምእመናን አንዱ አይቷት ነው። ወዲያው ሽማግሌዎች ላኩባት፣ መከሯት። ደግመው ላኩ፣ ደግመው መከሯት። ከዚያ ወዲህ የአባቷን ስልክ አታነሣም። ለእናቷ፣ ሽማግሌ የሚልክ ከሆነ ጨርሶ አያገኘኝም ብላ ቆርጣ ነግራታለች።

ይህን ጨርሰው፣ «እስቲ አንቺ አብረሽኝ ሂጂ» አሉኝ።

ቆጣ አልኩ። ሰው የገዛ ልጁን እንደማያማክር፣ ይህንንም አብረን እንደተማርነው፣ ደግሞስ እኔን ይዘው መሄዳቸው ያው ሽማግሌ መላክ እንደሆነ ነገርኳቸው። ታላቅ ሰው ፊት እንዲያ ደፍሬ ተናግሬ አላውቅም።

«አላማክራትም» አሉ። «ደግሞ አንቺ አትናገሪም። ታዛቢ ነሽ። ሰው እያየኝ ከሆነ ምናልባት አፌን እይዝ ይሆናል።»

እንዴት እምቢ ይባላል? ሄድኩ። እናቷ ለምናላቸው ልጅቷ በምሳ ዕረፍቷ አባቷን ልታገኝ እሺ አለች። ከሆቴሉ አጠገብ ያለ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ ጠበቅናት። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ አስራ መጣች። መልኳ ቁርጥ አባቷን ነው። የአባቷን ጉንጭ ሳመችና እኔን ስታይ ፊቷ ተዘጋ።

«እሳቸውም ሽማግሌ ናቸው?»

በዚህ ዕድሜዬ ሽማግሌ ተብዬ አላውቅም፤ ቅር አለኝ። ጋሼ ግን አልሳቁም። «አይደለችም። አብራኝ የምትማር ናት። እንዳልመክርሽ ብዬ ነው ያመጣኋት» አሏት።

ልጅቷ አባቷን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሦስታችንም ዝም አልን። አስተናጋጁ የአቮካዶ ጭማቂ አምጥቶ ደረደረ፤ ማንም አልነካውም። እንዲህ ያለ ዝምታ ክፍል ውስጥ እንኳ ገጥሞኝ አያውቅም። አባትሽ እኮ ይወዱሻል፣ እንቅልፍ አጥተዋል፣ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለካ ሽማግሌዋ እኔው ነኝ። ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ።

መጨረሻ ላይ ልጅቷ መናገር ጀመረች። ፈተና አዳራሽ በር ላይ ስትደርስ እጇ ይንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። መጀመሪያ የሆነባት ዕለት ለአባቷ ደወለች። አይዞሽ፣ በርቺ አሏት፣ ጥቅስ አነበቡላት፣ ጸልየው ስልኩን ዘጉት። ሌላ ጊዜም ደወለች፣ እንደዚያው ሆነ። ከዚያ በኋላ አልደወለችም።

«ስትጸልይልኝ አሜን የምልህ እያለቀስኩ ነበር» አለች። «ድምፄን አልሰማኸውም?»

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። ያቺን አከፋፈት አውቃታለሁ፤ ከኋላዋ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። አለቀልን አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን መልሰው ዘጉት። ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አልሰማሁትም» አሉ። «አሁን ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ስለ አዳራሹ፣ አብረዋት ስለሚያድሩት ልጆች፣ የርዕሰ መምህሩ ልጅ ወደቀች እንዳይባል ስለመፍራቷ፣ ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ውስጥ ስለተቀመጠችበት ጠዋት። በመሐል ታለቅሳለች፣ ታቆማለች፣ ትቀጥላለች። ጋሼ ያዳምጣሉ። የተማርነውን የአቀማመጥና ዓይን ለዓይን የመተያየት ደንብ አንዱንም አልጠበቁም፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነው ያዳመጡት። እኔም እያለቀስኩ ነበር። እንዲህ ያለ ታዛቢ የለም።

ስትጨርስ፣ «አሁን የምትለኝ የለም?» አለቻቸው። ምክር እንደምትጠብቅ ያስታውቃል።

«ብዙ አለኝ» አሏት። «ግን ስልኬን ማንሣት ካቆምሽ ወዲህ በጣም ፈርቻለሁ። ከዚህ ሌላው ሁሉ ይቅር።»

ልጅቷ ሰዓቷን አየች፤ የምሳ ዕረፍቷ አልቋል። ፊቷን በሶፍት ጠረገች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ ተነሣች። እኛም ልንሸኛት ተነሣን። ወደ ሆቴሉ ጥቂት ሄድ ካለች በኋላ ዞር አለች።

«አባዬ፣ ሥራ የምጨርሰው ሲመሽ ነው። ትጠብቀኛለህ?»

ጋሼ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁና ተመልሰው ቁጭ አሉ። እኔን መኖሬንም የረሱት ይመስለኛል። ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።