ቡሄ ካለፈ በኋላ የጮኸው ጅራፍ

ይህ ከደረሰብኝ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሞባይል ስልክ ገና በየሰዉ ኪስ መግባት የጀመረበት ጊዜ ነበር። እስከ ዛሬ የማልረሳው ትዳሬ በገዛ ሳቄ ምክንያት ሊፈርስ ስለነበረ ነው። የንስሐ አባታችንን አስፈቅጄ፣ ስሙንም ሁሉ ለውጬ ነው የምጽፈው።

ደባርቅ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ አዳነ በቅሎዎች አሉት። በበጋ የቱሪስት ጓዝ ጭኖ ሳንቃ በር፣ ጨነቅ፣ አንዳንዴም አምቢኮ ድረስ ይሄዳል። በክረምት እንግዳ ስለማይመጣ ቤት ይውላል።

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት አዳነ አንድ ነገር ነገረኝ። ለመናገር ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። በእኛ አገር በቡሄ ትልልቅ ወንዶች ሳይቀሩ በጅራፍ ይገራረፋሉ፤ ጨዋታ ነው። ሌላው ሊያሸንፍ ሲገባ፣ እሱ ግን መገረፉን ወዶት እንደሚገባ ነገረኝ። "አንቺ ብትገርፊኝ ደግሞ..." ብሎ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው።

እኔ በግ ሲታረድ ፊቴን የማዞር ሴት ነኝ። መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ከዚያ አሰብኩበት፤ ከዚያ ሞከርኩት። እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። እሱ ከሚወደው በላይ ሳልወደው አልቀርም።

ደንብ አወጣን። በሁለቱ ትከሻው መካከል ብቻ፤ ኩላሊት አካባቢ አይነካም። "በቃ" ቢል አላቆምም፤ ምክንያቱም በየመሀሉ በቃ በቃ ማለት ይወዳል። የማቆሚያ ቃላችን "ዳባት" ሆነ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሙሉ የሚኖረው ዳባት ነው፤ እሱ ትዝ ካለን ሁሉም ነገር ይበርዳል።

ችግሩ ድምፁ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ቤቱ ሁሉ ተያይዟል፤ ስታስነጥሺ "ይማርሽ" የሚልሽ ጎረቤት ከግድግዳው ማዶ ነው። በቡሄ ሰሞን ከተማው ሁሉ ጅራፍ ሲያጮህ የእኛን ማን ይለየዋል ብለን ነበር። ግን ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው፤ በጾም ደግሞ ባልና ሚስት መኝታ ይለያሉ። አዳነ "ይኸ እንኳን ከዚያ አይቆጠርም" አለ። እኔ "እንዴታ፣ ይቆጠራል!" አልኩ። ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለን ሰዎች ነን። ጾሙ እስኪፈታ ጠበቅን።

ጾሙ የተፈታ ዕለት ዶሯችንን በልተን፣ ከቀትር በኋላ በራችንን ዘጋን። ያላሰብነው አንድ ነገር ቡሄ ካለፈ ሦስት ቀን መሆኑን ነው። በዚያን ቀን ደባርቅ ላይ የሚጮኽ ጅራፍ የእኛ ብቻ ነበር።

አዳነ ሲገረፍ ጋቢውን ነክሶ ዝም ይላል። የምስቀው እኔ ነኝ። ሳቄ ደግሞ ከለቅሶ አይለይም፤ እናቴም ስትታዘበኝ ነው የኖረችው። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ጅራፍና የሴት ለቅሶ ሰሙ። ደግ ሴት ናቸው፤ ወዲያው ዳባት ደወሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ ሙሉ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰ። የንስሐ አባታችንንና ጋሽ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ አስከትሎ ገባ። ጋሽ ደሴ በፓርኩ ጥበቃ፣ በስካውትነት ያረጁ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። አዳነ ወንድሜን በር ላይ ሲያየው በጆሮዬ "ዳባት" አለኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ጋሼ ሙሉ የማለቅስ መሰለው።

"እኅቴን የሰጠሁህ እንደ በቅሎ እንድትገርፋት ነው?" አለው። ወደ እኔ ዞሮም "ልብስሽን ሰብስቢ፤ እንሄዳለን!" አለኝ።

አዳነ መሬት መሬቱን እያየ "አጥፍቻለሁ ጋሼ፤ ይቅር ይበሉኝ" አለ።

ክው አልኩ። ሚስት ደብዳቢ መባልን መረጠ። ለእሱ እውነቱ ከዚያ የባሰ ውርደት ነበር፤ ባለበቅሎዎቹ ቢሰሙ በምን ፊቱ ይወጣል? ዝም ብል ትዳሬ አበቃለት። ብናገር ባሌን አዋርዳለሁ።

"አዳነ፣ ልናገር?" አልኩት።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አዳነ ጋቢውን አጥብቆ ይዞ "ተናገሪ" አለ።

"የተገረፍኩት እኔ አይደለሁም። ገራፊዋ እኔ ነኝ" አልኩ።

ጋሼ ሙሉ አላመነኝም። አዳነ ጋቢውን ገለጠና ጀርባውን አሳየ። ወንድሜ ሰንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ሰንበሩን አየ።

"ምን አጥፍቶ ነው?"

"ምንም አላጠፋም። ወዶ ነው።"

ወንድሜ ሳይጋበዝ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ወደህ ነው ልጄ?"

"ወድጄ ነው አባ።"

"በጾም ነው?"

"ኧረ አባ፣ ምን በወጣን! ከተፈታ በኋላ ነው።"

አባ በረጅሙ ተነፈሱ። "የቀረውን ለብቻችሁ መጥታችሁ ትነግሩኛላችሁ፤ ይኸ የሽማግሌ ነገር አይደለም" አሉና መስቀላቸውን አወጡ። "እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል። ያለ ፈቃዴ ያወራ ቢኖር ገዝቻለሁ።" ግዝት ጥሶ ማን ያወራል? ወንድሜ መስቀል ተሳልሞ፣ ዓይኔን ሳያይ ወጣ። ለእትዬ ጥሩ "ሰላም ነው፤ ታርቀዋል" ያሏቸው አባ ራሳቸው ናቸው።

ጋሽ ደሴ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ቃል አልተነፈሱም። አዳነ "እኒያ ሰውዬ ንቀውኛል" እያለ ሳምንት ሙሉ ደጅ አልወጣም። እህል አልበላ ሲለኝ ምነው አፌን በዘጋሁ አልኩ።

በሳምንቱ ጋሽ ደሴ አባን አስፈቅደው ከባለቤታቸው ጋር በአንድ ጃንጥላ ሆነው መጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ገብሱ አወሩ። ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው "ልጆቼ፣ ጅራፍ ሞኝነት ነው" አሉ።

ተግሣጽ መጣ ብለን አቀረቀርን።

"ይጮኻል" አሉ። "እኛ በሳማ ነው። ሳማ ድምፅ የለውም።"

ባለቤታቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው "ሃያ ስድስት ዓመት! አንድ ሰው አልሰማን" አሉ።

አዳነ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ የእሱ የእውነት ልቅሶ ነበር። ጋሽ ደሴ ጀርባውን መታ መታ ሊያደርጉት እጃቸውን አንሥተው፣ ትዝ ሲላቸው ጉልበቱን ያዙት። "እኔም ከሊማሊሞ እስከ ራስ ዳሽን ብቻዬን መስሎኝ ነበር፤ አይዞህ" አሉት።

ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ቀን እንገናኛለን። እንደ ማኅበር ነው፤ የቅዱስ ስም ግን አልሰጠነውም፣ ያ ድፍረት ይሆናል። በኋላ ከአምቢኮ አንድ ባልና ሚስት ተጨምረዋል። አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራው መብላትና መሳቅ ነው፤ ምክርም እንለዋወጣለን። ሳማው እርጥብ ሲሆን እንደሚብስ ያወቅሁት እዚያ ነው።

አሁን ሳስበው በጅራፉ አላፍርም። አዳነ ያን ዕለት ጨካኝ ተብሎ ለመኖር መቁረጡ ትዝ ሲለኝ ግን እስካሁን ሆዴ ይባባል። እሱ እኮ በቅሎውን እንኳ የማይመታ ሰው ነው። ጋሼ ሙሉም ታርቆናል፤ ሊጠይቀን ይመጣል። ብቻ ከዳባት ሲነሣ ይደውላል፣ ወቅን ሲደርስ ይደውላል፣ በራችን ላይ ቆሞም ይደውላል።