ያልተጫረው ጋሻ

በሽመል ምት ቀጀላ በዳዳን የሚያህለው በቀበና ዙሪያ አልነበረም። ውሸት ነው የሚል ካለ ጀርባውን ገልጦ ያሳየን! ጉዱ ግን ወዲህ ነው፤ እንጦጦ ሜዳ ላይ የጋሻ ጃግሬነት ፈተና በመጣ ቁጥር ይወድቃል። ሁለት ዓመት ተፈተነ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያልመታው ባላጋራ አልነበረም፤ ሁለቱንም ጊዜ ፈታኙ ባላምባራስ አዱኛ የዝንብ ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው «ለከርሞ» አሉት። ለምን እንደሆነ አልነገሩትም። እሳቸው እቴ! ምክንያት መናገር የደካማ ዳኛ ሥራ ይመስላቸዋል።

ለሦስተኛ ጊዜ የወደቀ ደግሞ ጋሻውን ለግምጃ ቤት መልሶ ወደ እርሻው ይገባል፤ ደንቡ ነው። የቀጀላ ጋሻ የአባቱ ነበር። በዳዳ ዘምቶ ሲሞት እሱ እዚያው ተቀብሮ ጋሻው ብቻ ነው ቤቱ የገባው፤ ያውም አንድ ጭረት ሳያገኘው። እናቱ ዲንቄ በየጊዜው ቅቤ እየቀባች «እዩት፣ ጦር ያልደፈረው!» ትላለች ለጎረቤት። ቀጀላ ይህን ጋሻ አሳልፎ ከሚሰጥ ቀኝ እጁን ቢሰጥ ይመርጥ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ተራው መጨረሻ ላይ ዋለ። እስከዚያው ከሜዳው ዳር ጥድ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ተፈታኞቹን ትቶ ፈታኙን ይመለከት ጀመር። ሰውዬው ምን ያያሉ? እግር ነው? ዓይን ነው? መጀመሪያ ምንም አልገባውም። አንዱ ደጋግሞ ተመትቶ ያልፋል፤ ሌላው ባላጋራውን እንደ ገብስ ሲወቃ ውሎ ይወድቃል። እንዲያውም ሽመሎቹ ሲጋጩ ባላምባራስ ያዛጋሉ።

ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። በማግስቱ ፈተናው ሲቀጥል ግን አንድ ነገር ልብ አለ። አዛውንቱ ቀና የሚሉት ምቱ ካረፈ በኋላ ነው። የመታ ሁሉ ያን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ሽመሉን ወደ ላይ፣ ጋሻውን ወደ ጎን አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ይፎክራል። መትቶ ሳይፎክር የሚቀር ወንድ የት አለ? ሜዳው በእልልታ ሲቀልጥ ባላምባራስ ጭራቸውን ይወዘውዛሉ፤ ሰውየው ወደቀ ማለት ነው። ቀጀላ ደነገጠ። እንደሱ ፉከራ የሚያሳምር አልነበረማ! የአባቱን ስም ሲጠራ ሴቶች ያለቅሱ ነበር።

ተራው ደረሰ። ባላጋራው አካሉ የሚባል ደንዳና የየካ ሰው ነው። ዞር ዞር አሉ፣ ተሞካከሩ፣ ከዚያ ቀጀላ ትከሻውን አገኘው። ሜዳው ፉከራውን ለመስማት ጸጥ አለ። የአባቱ ስም ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ ዋጠው። ጋሻውንም ከደረቱ አላራቀም። ዲዳ ሆነ እንዴ ብሎ ሰው አጉረመረመ። አካሉ ግን እልኸኛ ነው፤ ተመታሁ ብሎ መች ቆመ! በተሰነጠቀው የሽመሉ ጫፍ ደረት ደረቱን ወጋው። ጋሻው ጓ አለ።

ባላምባራስ ተነሥተው መጡ። ጋሻውን ተቀብለው ቅቤ በጠገበው ቆዳ ላይ የወጣውን ረጅም ጭረት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ከአባትህ ጋር አብረን ነው የዘመትነው፤ ታውቃለህ?» አሉት።

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«ፉከራ እንደሱ የሚችል አላየሁም። አንዱን ጥሎ፣ ጋሻውን ወደ ጎን ይዞ ሲፎክር ነው ሌላው የወጋው። ጋሻው ሳይጫር የተመለሰው ለዚያ ነው። በል ውሰደው፣ አልፈሃል።»

እልልታው ሲቀልጥ ቀጀላ አልሰማም። ያን ሁሉ ዓመት የኮሩበት ነገር ይህ ኖሯል! ወደ ቀበና ቁልቁል ሲወርድ እንባው ይቀድመው ነበር። ለእናቱ ምን እንደሚላት ሲያወጣ ሲያወርድ ደጃፉ ላይ ደረሰ።

ዲንቄ ጭረቱን አይታ ክው አለች። ማን ነው የነካው ብላ ጠየቀችው።

«ለእኔ የመጣ ምት ነው፣ እማዬ፤ ጋሻው ያዘልኝ» አላት።

ጭረቱን በጣቷ ዳበሰችው። ቅቤውን አንሥታም እዚያው ላይ ቀባችው።

«ታዲያ ፎከርክ?» አለችው።

ቀጀላ ጋሻውን ከምሰሶው ላይ ሰቀለ፤ በሩን ቀረቀረ። ከዚያ የአባቱን ስም ጠርቶ ፎከረላት።