በብራና የታተመው ዳዊት

ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ንጋት 11 ሰዓት

ከተማው ሳይነቃ የስኳር ጆንያ የጫነች ማኪና ላይ ተሰቀልሁ። ሦስት ብር የከፈለ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል፣ ሁለት ብር የከፈለ ከስኳሩ ጋር። እኔ ምሁር ስለሆንሁ ሦስት ከፈልሁ።

ሹፌሩ አያ በላቸው በዛሪማ መንገድ ፂሙን ያሸበተ ሰው ነው። ሥራዬን ጠየቀኝ። የማተሚያ ታሪክ አጥኚ ነኝ አልሁት።

«ታዲያ ማተሚያው የት አለ?» ብሎ ቦርሳዬን ተመለከተ።

እኔ አላትምም፣ ጥንት የታተሙ መጻሕፍትን ነው የምፈልገው ብል፣ ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል ወይ አለኝ። ይከፈላል አልሁት። መንግሥት ሀብታም ነው ብሎ መሪውን ጠመዘዘ።

ዳባት፣ 3 ሰዓት

የገብስ ዳቦ በጠላ፣ ሃምሳ ሳንቲም። ብርዱ በነጻ ነው።

አንባቢዎቼ የመጣሁበትን ጉዳይ ይወቁልኝ። ዐሥር ዓመት የለፋሁበት መጽሐፌ ባለፈው ዓመት ታትሟል። የመጨረሻው ምዕራፍ፣ በውጭ አገር የታተመ ዳዊት ዛሪማ አጠገብ ካለ አንድ ደብር ከደረሰ ወዲህ የዚያ አገር ጸሐፊዎች ብዕራቸውን ጣሉ ይላል። ዳዊቱን ግን አላየሁትም፤ በወሬ ነው የጻፍሁት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። አሁን ሁለተኛው እትም ሊወጣ ነውና ላሚቱን ፍለጋ ወጣሁ።

ሊማሊሞ፣ 7 ሰዓት

ጣልያን መንገዱን የሠራው ጠላቶቹን ለመጨረስ ይመስለኛል። አያ በላቸው በየጥምዝምዙ መሪውን ለቆ ያማትባል። እኔ ዳዊት ፈላጊው ከዳዊት የማስታውሰውን ሁሉ ደገምሁ። አንድ መዝሙር ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ከዛሪማ በላይ፣ 10 ሰዓት

ደብሩ ከመንገዱ የአንድ ሰዓት ዳገት ነው። መሪጌታ እንግዳ የሚባሉት የደብሩ ጸሐፊ ከዋርካ ሥር ቁጢጥ ብለው ብራና ይፍቃሉ። ጣሉ ያልሁት ብዕር ጆሯቸው ላይ ተሰክቷል።

የታተመውን ዳዊት ለማየት እንደመጣሁ ነገርኋቸው። ገቡና በጨርቅ የተጠቀለለ ወፍራም መጽሐፍ አመጡ። ብገልጠው ብራና ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የእጅ ጽሑፍ። ተናደድሁ፤ ይህን ሁሉ ዳገት ለዚህ? ከመጨረሻው ቅጠል ስደርስ ግን፣ ይህ መጽሐፍ በሮም ከተማ ከቀለጠ እርሳስ በተሠራ ፊደል ታተመ ይላል፣ ከነዓመተ ምሕረቱ። በሸምበቆ ብዕር፣ በቀይ ቀለም፣ በመሪጌታ እጅ።

«የታተመው ወረቀቱስ የት ደረሰ?» አልኋቸው።

«በጣልያን ጊዜ ዋሻ ደበቅነው፣ እርጥበትና ምስጥ አገኘው። ቅጠሉ ሲረግፍ እኔም ቅጠል በቅጠል ጻፍሁት። ፍርፋሪውን ከአጥሩ ሥር በክብር ቀበርነው።»

«ምነው ታተመ የሚለውንም ጻፉት? እርስዎ አላተሙት።»

«ያገኘሁትን ነው የምጽፍ። መጨመርም ኃጢአት፣ መቀነስም ኃጢአት።»

አፈርሁ። ይሉኝታ ይዞኝ ለስጦታ ያመጣሁትን የራሴን መጽሐፍ ሰጠኋቸው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ቀስ ብለው አነበቡ፤ እኔ የዋርካውን ቅጠል እቆጥራለሁ። አልሳቁብኝም፤ ቢስቁ በተሻለኝ። ወረቀቱን በጣታቸው አሹት።

«ሸጋ ነው። ግና ይህ ወረቀት አይቆይም። ተውልኝና በብራና ላውጣልህ።»

ብራናው የስድሳ ፍየል ቆዳ ሳይፈጅ አይቀርም። ለአንዲቱ ፍየል እንኳ ነፍስ የሚበቃ ገጽ እንዳለው እንጃ።

ሊማሊሞ፣ በማግስቱ ረፋድ

አያ በላቸው ሽቅብ እየነዳ ዳዊቱን አግኝቼው እንደሆነ ጠየቀኝ። አገኘሁት አልሁ። ታዲያ ጭኔ ላይ ያለው ምንድን ነው አለኝ።

የራሴ መጽሐፍ ነው። መሪጌታን ለምኜ ነው መልሼ የተቀበልሁት። የመጨረሻውን ምዕራፍ አርሜ እስክመልሰው ድረስ እንዳይጀምሩት ነገርኋቸው። እሳቸው እንደሆኑ ያገኙትን ነው የሚጽፉት።